ስሙ ያልታወቀው የአምለሰት ወይን

ወይን ጠጅ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ «አብዱልሀኪም ምኑን አውቆት ነው ስለ ወይን የሚያወራው» ብሎ የሚነሳብኝ እንዳይኖር ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ ከአባቴ የወረስኩት የቅመም ሱቅ አለኝ። ሱቄ ከአምለሰት ጠጅ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። እሷ ጠጅ ትጥላለች፣ እኔ ዘቢብና ቁንዶ በርበሬ እሸጣለሁ። ደንበኞቿ ሞቅ ሲላቸው ግድግዳውን በጀርባቸው ይገፉታል፤ እኔ ደግሞ በየዓመቱ በዚህ በኩል የረገፈውን ጭቃ አስለጥፋለሁ። ተናግሬ ተናግሬ ሰልችቶኛል። ለካሣ ይመስለኛል፣ ጌሾ ከመግባቱ በፊት ብርዙን በብርሌ ቀድታ ታቀብለኛለች፤ እኔም ተቀብዬ ዝም እላለሁ።

አምለሰትን የሚያህል ጠያቂ በምዕራብ ጎጃም የለም። ከቡሬ ማር የሚያመጣላትን ገበሬ፣ ንቦቹ ዘንድሮ የትኛውን አበባ ቀስመው ማሩ እንደጠቆረ፣ ንግሥቲቱ ስትሞት ሌሎቹ ያዝኑ እንደሆነ ሳትጠይቅ ማሩን አትረከበውም። ቄሱን መንገድ ላይ አቁማ፣ ለቁርባን ዘቢብ ደርቆ መጥቶ ተመልሶ ውሃ ውስጥ ከሚዘፈዘፍ ለምን እሸቱ ወይን አይጨመቅም ብላ ጠይቃቸዋለች። እሳቸውም ሥርዓቱን በትዕግሥት አስረዷት፤ እሷ ግን ጥያቄ በጥያቄ ላይ ስታስከትል የቅዳሴ ሰዓቱ ሊያልፍባቸው ነበር። እኔንማ ተዉኝ። የምሸጠው ዘቢብ የየት አገር ወይን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከመርካቶ በካርቶን ነው የሚመጣልኝ፣ ከመርካቶ ወዲያ ያለውን አላውቅም አልኳት። «ይህን ሁሉ ዘመን ስትሸጠው አንድ ቀን እንኳ ሳትጠይቅ?» ብላ ከልቧ አዘነችልኝ።

ባሏ ወንዳወቅ ሌላ ፍጥረት ነው። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለውን ተረት ለእሱ ያወጡት ይመስለኛል። ቃል ከወጣውም ጺሙ ውስጥ ይቀራል፤ ያለውን ለመስማት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ሴት ልጃቸው ህይወት ገና ጡት ሳትጥል፣ ወንዳወቅ ወይን እርሻ ላይ ሊሠራ ዝዋይ፣ ባቱ ወደሚሏት ከተማ ሄደ። ለአንድ በጋ ብሎ ነበር። ዓመታት ቆየ። ለልጁ ልብስ፣ ለቤቱ ገንዘብ በሰው እጅ ይልካል፣ እሱ ግን የለም። ሰፈሩ እዚያ ሌላ ሚስት አግብቷል አለ። አምለሰት አላመነችም፤ ግን ጆሮ ደግሞ አላት።

የተመለሰ ዕለት እዚሁ ሱቄ በር ላይ ነበርኩ። ከአውቶቡስ ወርዶ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፎ መጣ። ህይወት ትምህርት ቤት የገባች ልጅ ሆና ነበር፤ «እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለች። አምለሰት ጆንያውን አየችና «ይሄ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችው። ወንዳወቅ ከጺሙ ሥር አንድ ቃል አጉተመተመ። «ይህን ሁሉ ዘመን ምን አቆየህ?» አለችው። ያንኑ ቃል ደገመላት። እኔ ራቅ ብዬ ስለነበር አልሰማሁትም። አመሻሹ ላይ አምለሰት መጥታ ነገረችኝ። «ሁለት ነገር ጠየቅኩት። ምንድን ነው ብለው ሥራ ነው አለኝ፤ ምን አቆየህ ብለው ሥራ ነው አለኝ። ሁለቱንም በአንድ ቃል ዘጋኝ» አለች።

ጆንያው ውስጥ የነበረው ሥር የያዘ የወይን ቁራጭ ነበር። ወንዳወቅ ጓሮ ተከለው፣ እንጨት አቆመለት፣ በየዓመቱ በቢላዋው ይገርዘዋል። ዛሬ ግማሹን ጓሮ አልብሶታል። ፍሬው ጥቃቅንና ጥቁር፣ ልጣጩ ወፍራም ነው፤ ልጆች ቀምሰው ይተፉታል፣ ወፎች ግን አይንቁትም። አምለሰት ከዚያ ዕለት ወዲህ ባሏን ምንም ጠይቃው አታውቅም። ትበላለህ ትለዋለች፣ ታመሃል ወይ ትለዋለች፤ ያ ጥያቄ አይባልም። ያልጠየቀችውን ሁሉ እኛን ትጠይቀናለች። ያ ወይን ምን ዓይነት ዘር እንደሆነ ያልጠየቀችው ሰው ፍኖተ ሰላም ላይ የለም፤ ከአንድ ሰው በቀር። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት ይባላል። የዚህ ወይን ስም ግን ከቤት አልወጣም፣ እኛም የምንቀበለው አጣን።

ነገሩ የከረረው ባለፈው ሚያዝያ ነው። ጠጅ ቤቱ ጠበበና አምለሰት ጓሮው ላይ አዲስ ክፍል ልትሠራ ወሰነች። አናጢው መጥቶ መሬቱን ለካ፣ ችካሉን ቸከለ። ችካሉ ወይኑን መሐል አስገባው። «ዘሩ ታውቆ የሚረባ ከሆነ ክፍሉ ወደ ጎን ይዞራል» አለች፣ ወንዳወቅ እየሰማ። «ካልታወቀ ክረምቱ ሲወጣ ይቆረጣል። ስሙን ለማላውቀው ነገር ጓሮዬን አልሰጥም።»

በማግስቱ ወንዳወቅ ሱቄ መጣና ዘቢቡ ካርቶን ላይ ተቀመጠ። ሰውየው ሱቄ ገብቶ ተቀምጦ አያውቅም። ዓይኑ ቀልቷል።

«ልትቆርጠው ነው» አለኝ።

«ታዲያ ምን ዓይነት ወይን እንደሆነ ንገራት እንጂ!»

«ነግሬያታለሁ።»

«መቼ?»

«ያኔ» አለና ተነስቶ ሄደ። ግትርነት መሰለኝና ተናደድኩ። ከጀርባው «እንዲህ ያለ ሰው ወይኑም ቤቱም ቢፈርስበት አይገባውም ወይ» ብዬ ለራሴ አጉረመረምኩ። ግን አሳዘነኝም፤ ያ ወይን እሱ የሚያዋራው ብቸኛ ነገር ነበር።

አምለሰት ደግሞ የጀመረችውን አትተውም። ቅጠሉን ከነቀንበጡ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ መኪና ቀያይራ አዴት የግብርና ምርምር ማዕከል ሄደች። አንዲት ወጣት ባለሙያ ወንበር ሰጥታ አስተናገደቻት። ቅጠሉን ገልብጣ አየችና «እናቴ፣ እኔ ሥራዬ ድንች ላይ ነው። ስለ ወይን ዘር ብናገር እዋሽብዎታለሁ» አለቻት። ለመጠጥ የሚሆን ወይን ዘሩ በቅጠሉም በፍሬውም በመጠጡም እንደሚለይ ሰምቻለሁ፣ ወይን እርሻ የሚሠራ ሰው ቢያገኙ ይሻላል ብላ ሸኘቻት። አምለሰት ተደስታ ተመለሰች። አላውቅም የሚል ሰው ማግኘት በእሷ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው። ከምክሩ ሁሉ ይዛ የመጣችው ግን «በመጠጡም ይለያል» የሚለውን ነበር።

ግንቦት ላይ ፍሬው ሲበስል ዘለላውን ሁሉ ለቅማ ጨመቀችው። እኔ ብርዜን ልቀበል ገብቼ ጋኑ ላይ ጎንበስ ብላ አገኘኋት። ከጎኗ አንድ እቅፍ ጌሾ ተቀምጧል።

«አምለሰት፣ ወይን ላይ ጌሾ ይገባል እንዴ?»

«ወይን ምን ይባላል ሲጠጣ?»

«ወይን ጠጅ።»

«ጠጅ ነዋ! ጌሾ የሌለው ጠጅ ብርዝ ነው፤ እሱን ለአንተ ነው የምሰጠው።»

ምን እላለሁ? ስለማልጠጣው ነገር መከራከር አልወድም። ወንዳወቅ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጌሾው ሲገባ አፉን ከፈተ። አምለሰት ቀና ብላ አየችው፤ አፉን መልሶ ዘጋና ወደ ጓሮ ሄደ። ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል፤ ያን ጊዜ ግን ምን ሊል እንደነበር ለማወቅ ከእኛ ማንም አልተከተለውም።

ጋኑ የተከፈተ ዕለት ጠጅ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ሰው የመጣው ጠምቶት ሳይሆን ሊያይ ነው። እኔም ሱቄን ዘግቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ብርሌ ውስጥ ሲቀዳ እንደ ቀለም ጠቆረ፤ ወደ ብርሃን ሲያነሱት ብቻ ጠርዙ ላይ ቀላ። መጀመሪያ የቀመሰው መምህር ምስክር ነው። ምስክር በወጣትነቱ ቅኔ ቤት የዋለ፣ አሁን አማርኛ የሚያስተምር፣ ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ የሚለውን ተረት ሁለቱንም ወገን አክብሮ የያዘ ሰው ነው። አንድ ጉንጭ ይዞ ብዙ ቆየ። ዋጠና ከንፈሩን ጠረገ።

«አምለሰት፣ ጠጅሽ ይስማል። ይሄኛው ይናከሳል» አለ።

ሌሎቹም ተራ በተራ ቀመሱ። አንዱ ምላሴ ደረቀ አለ፣ አንዱ ጥርሱ ጠቁሮ ተሳቀበት፣ አንድ የቡሬ ነጋዴ ፊቱን አጨማዶ ጠጣና ወዲያው ብርሌውን ዘረጋ። መራራ ነው ይላሉ፤ ጌሾው ምሬቱን ደርቦበታል። ግን ማንም አልተወውም። ምንነቱን ለማወቅ እየደጋገሙ ይቀምሱታል፣ በቀመሱት ቁጥር ግራ ይጋባሉ።

እኔ አልቀመስኩም፤ አፍንጫዬ ግን አልጾመም። ብርሌውን ተቀብዬ ሳሸት የራሴን ሱቅ አገኘሁት።

«አምለሰት፣ ቁንዶ በርበሬ ለምን ጨመርሽበት?»

«ምን አልክ?»

«ቁንዶ በርበሬ ገብቶበታል። እኔን አታታልይኝም፤ ስሸጠው ነው ያረጀሁት።»

«ካንተ ሱቅ ቁንዶ በርበሬ ከገዛሁ ስንት ጊዜዬ ነው? አንተ የማትጠጣውን ታሸታለህ ደግሞ ትወቅሳለህ!» ብላ ጮኸችብኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ተቀይሜ ወጣሁ። ቁንዶ በርበሬ እንደነበረው ግን በልጆቼ እምል ነበር።

ክረምቱ ገባ። የአናጢው ችካል ዝናብ ጠጥቶ ጠቆረ እንጂ አልተነቀለም። መስከረም ሲጠባ አናጢው ደውሎ እንጨት እንደቆረጠ ነገራት። ወንዳወቅ በዚያ ዓመት ወይኑን አልገረዘውም። ሥሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ ሲጠሩት ይመጣል፣ የሰጡትን ይበላል።

የመጨረሻው ተስፋ ህይወት ነበረች። ባሕር ዳር ነው የምትሠራው። አብራት የምትሠራ ልጅ ወንድም፣ ተስፋው የሚባል፣ ባቱ አካባቢ ወይን እርሻ ላይ እንዳለ ሰማች። ኔትወርክ በመጣ ቀን እኔ በስልኬ ቅጠሉን በፊትም በጀርባም፣ አዲሱን ቀንበጥ፣ በመጨረሻም ዘግይቶ ያፈራውን አንድ ዘለላ ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። ስለ መጠጡም ጻፍኩ። ቁንዶ በርበሬውንም ጻፍኩ፤ አምለሰት አላየችኝም።

መልሱ የመጣ ዕለት ገበያ ነበር። ስልክ በደንብ የሚሰማው ሱቄ ደጃፍ ላይ ብቻ ስለሆነ አምለሰት እጇን በመቀነቷ እየጠረገች መጣች። ምስክርም ቡና ሊገዛ እዚያው ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ያዝኩላት።

«እማዬ፣ ተስፋው አይቶታል። ሲራ ነው አለ።»

«ሥራ ላይ ነው? እሺ፣ ሰው ከሥራው አናስፈታም። ሲመቸው ይደውል።»

«አይ እማዬ! ወይኑ። ወይኑ ሲራ ነው።»

«ወይን ማሳደግማ ሥራ ነው። ማን አይደለም አለ?»

«እማዬ ስሚኝ! ሲ! ሲ! ሲራ! የዘሩ ስም ነው። ከፈረንሳይ የመጣ ዘር ነው፣ ሞቃት አገር ይወዳል፤ ባቱ ሜዳው ላይ ለቀይ ወይን ብለው ነው የሚያለሙት። ፍሬው ትንሽ፣ ልጣጩ ወፍራም ስለሆነ መጠጡ ይጠቁራል፣ ይከብዳል። ጥሩ ሲራ ደግሞ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ይሸታል አለ።»

«አላልኩም?» ብዬ ዘለልኩ። «አላልኩም ወይ!»

አምለሰት ስልኩን አፍጥጣ ታያለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። ቃሉን አፏ ውስጥ ታገላብጠዋለች፤ አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ። ምስክር ከሁላችን ቀድሞ ገባው። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ጆሮው ለዚህ የተገራ ነው። «ሰሙ ሥራ፣ ወርቁ ሲራ» አለ ቀስ ብሎ።

«ነግሮኛል» አለች አምለሰት። «ያን ቀን። ምንድን ነው ስለው ስሙን ነው የነገረኝ። እኔ ናቀኝ ብዬ…» ስንት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ቃል በመሃላቸው ተጋድሞ ኖሯል።

«ታዲያ ለምን ደግሞ አልነገረኝም?» አለች በቁጣ።

«ደግመሽ ጠይቀሽው ነበር?» አልኳት።

አየችኝ። ዞራ በጠጅ ቤቱ በኩል ወደ ጓሮ ገባች። ህይወት በስልኩ «እማዬ? እማዬ?» ትላለች። ስልኩን ልሰጣት ተከተልኳት። እርግጥ ነው፣ የሆነውንም ማየት ፈልጌያለሁ።

ወንዳወቅ ወይኑ ሥር ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። አምለሰት ከፊቱ ቆመች።

«ወንዳወቅ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ቀና ብሎ አያት። «ሲራ» አለ። «ጌሾ አይገባበትም» ብሎ ጨመረ።

ሳቅ አመለጠኝ፤ እሷ አልሳቀችም። «ምን አቆየህ ያልኩህስ? ያኛው ሥራ ነው ወይስ ሲራ?»

«እሱም ሲራ ነው።»

«እንዴት? እንጨት ሰው ያቆያል?»

ወንዳወቅ እንደዚያ ቀን ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህም አልሰማሁትም። ወይን የሚገረዘው በዓመት አንዴ ነው አለ። ሲገረዝ ከሚጣለው አንድ ቁራጭ ይዞ ለመምጣት ተነሳ፤ መንገድ ላይ ደረቀበት። ተመልሶ ዓመት ጠበቀ። የሚቀጥለውን ውሃ ውስጥ ነከረው፣ በሰበሰ። ሌላ ዓመት። ሌላኛው ሥር ያዘና ሊመጣ ሲል ምስጥ በላው። መጨረሻ ላይ ጣሳ ውስጥ አሳድጎ፣ ሥሩ ሲጠነክር በጆንያ ጠቅልሎ ታቅፎት መጣ። «ባዶ እጄን መምጣት አፈርኩ» አለ።

አምለሰት ጮኸች። «ለአንድ እንጨት ብለህ! ልጅህ ሳታውቅህ አደገች እኮ! ሰው አገባ ሲለኝ ዝም ብዬ የኖርኩት ለእንጨት ነው? ማነው ወይን አምጣ ያለህ?»

«አንቺ።»

«እኔ?»

«በተጋባን ሰሞን። ከቡሬ ገበያ በእግር ስንመለስ። አገራችን ወይና ደጋ ነው ይሉናል፣ ታዲያ ወይኑ የታለ ብለሽ ጠየቅሽኝ።»

አምለሰት አፏን ይዛ ቆመች። በቀን መቶ ነገር የምትጠይቅ ሴት፣ አንዷን ለማስታወስ ስትጥር ግንባሯ ላይ ታየኝ። «ወንዳወቅ» አለች በመጨረሻ፣ «አላስታውሰውም። እንዲያው ለወሬ ያልኩት ይሆናል።»

«መልስ አልነበረኝም» አለ ወንዳወቅ።

አምለሰት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ ወደ ችካሉ ሄዳ፣ አንዱን ወዘወዘችና ነቀለችው፣ ሁለተኛውንም ነቀለችው፣ ወደ አጥሩ ወረወረቻቸው። መጥታ ስልኩን ከእጄ ተቀበለች። ህይወት አልዘጋችም ነበር፤ ስታለቅስ ይሰማል።

«በኋላ እደውልልሻለሁ» አለቻት። «አሁን አባትሽን ላናግረው ነው።»